ስለ ካርናታካ ጠይቁ፦ ሐምፒ፣ ማይሱሩ፣ የቢጃፑር ሐበሾችና የዳጉሳ ሙዴ

በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በካርናታካ ግዛት፣ ማይሱሩ ከተማ ውስጥ ለትምህርት አራት ዓመት ተኩል ኖሬያለሁ፤ ከዚያም በኋላ የታመመ ዘመድ ይዤ ሁለት ጊዜ ወደ ቤንጋሉሩ ተመልሻለሁ። ከአገራችን ወደዚያ የሚሄደው ሰው አብዛኛው ለሕክምና ወይም ለትምህርት ስለሆነ፣ ብዙዎች ከሆስፒታልና ከመኝታ ክፍል ሌላ ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ። በጥያቄዎቻችሁ ላይ የማውቀውን ያህል መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የከተሞቹ ስም በ2014 በይፋ ስለተለወጠ፣ ባንጋሎር ቤንጋሉሩ፣ ማይሶር ማይሱሩ፣ ቢጃፑር ደግሞ ቪጃያፑራ መባላቸውን ልብ በሉ፤ ሰዉ ግን አሁንም ሁለቱንም ይጠራል።

ጥያቄ፦ አባቴን ለልብ ሕክምና ይዤ ቤንጋሉሩ ነው ያለሁት። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል አራት ቀን አለን። አባቴ ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ሆኖም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መዋሉ አሰልችቶታል። የት ልውሰደው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። አስቀድመህ ሐኪማቸውን ጠይቅ፤ ከፈቀዱ በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ሳትወጡ ላልባግ የተባለውን የአትክልት ስፍራ በጠዋት አሳያቸው። የማይሶር ገዥ የነበረው ሐይደር አሊ በ1760 ያስጀመረው ነው፤ በ1889 የተሠራው የመስታወት ቤትም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ፣ ጥላውም ከቤንጋሉሩ መኪና ጩኸት ያሳርፋል።

በማግስቱ መኪና ተከራይታችሁ ወደ ማይሱሩ ውረዱ። ርቀቱ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገድ ላይ በካቬሪ ወንዝ መካከል ያለችውን የሽሪራንጋፓትናን ደሴት ታገኛላችሁ፤ የሐይደር አሊ ልጅ ቲፑ ሱልጣን እንግሊዞችን ሲዋጋ ግንቦት 4 ቀን 1799 የወደቀባት ከተማ ናት። ከምሽጉ ይልቅ ዳሪያ ዳውላት የተባለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ምረጡ። በ1784 የተሠራ፣ አብዛኛው ክፍሉ የእንጨት የሆነ ቤት ሲሆን፣ የውጭ ግድግዳው በሙሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው። በአንደኛው ገጽታ ላይ ሐይደርና ቲፑ በ1780 በፖሊሉር የእንግሊዝን ጦር ድል ሲያደርጉ ይታያል፤ የእንግሊዙ አዛዥ በሸክም አልጋው ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን ሲነክስ ሠዓሊው አሳይቶታል። አባትህ ቆመው የሚስቁበት ሥዕል ይመስለኛል።

ከማይሱሩ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ያለችው ሶማናታፑራም ለእሳቸው ትስማማለች። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ አንድ ቤተ መቅደስ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ደረጃ ብቻ አለው። በአራት ቀን ከዚህ በላይ አትጨምር።

ጥያቄ፦ ስለ ሐምፒ ብዙ ይባላል። በእርግጥ አንድ ሌሊት በባቡር ተጉዞ ማየት ያዋጣል?

መልስ፦ በካርናታካ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰው ወዴት ይሂድ ብባል፣ ያለ ማመንታት ሐምፒ እላለሁ። ከቤንጋሉሩ በሰሜን በኩል ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ማታ የተሳፈራችሁበት ባቡር ጠዋት ሆሳፔቴ ከተማ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ሐምፒ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በባጃጅ ይደረሳል።

ሐምፒ በ1336 የተመሠረተው የቪጃያናጋራ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በ1520 ገደማ ያያት ዶሚንጎ ፓይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ በስፋቷ ሮምን እንደምታህል ጽፏል። ዛሬ ከ1,600 በላይ የሕንፃ ቅሪቶች በሰፊው ተበትነው ይታያሉ፤ ዩኔስኮም በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ለእኔ ግን ከሕንፃዎቹ በፊት የሚገርመው መሬቱ ነው። ቤት የሚያካክሉ የጥቁር ድንጋይ አለቶች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው፣ ነፋስ ቢገፋቸው የሚንከባለሉ መስለው በየኮረብታው ቆመዋል። በመካከላቸው ቱንጋባድራ ወንዝ ይፈስሳል፤ ከቀርከሃ ተሠርታ እንደ እንቅብ ክብ በሆነች ጀልባም ይሻገሩታል። ከተማዋን የሠሩት ሰዎች ድንጋዩን ከሩቅ አላመጡም፤ ከአጠገባቸው ፈልጠው አነሡት፤ በአለቶቹ ላይ በመስመር የተደረደሩት የመፈልፈያ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ሰው ሁሉ የሚሮጠው በቪታላ ቤተ መቅደስ ግቢ ወዳለው የድንጋይ ሠረገላ ነው፤ በሃምሳ ሩፒው የሕንድ ገንዘብ ጀርባ ላይ የታተመው እሱ ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ይመስላል እንጂ ብዙ ድንጋዮች ተጋጥመው የተሠራ፣ ጋሩዳ ለተባለችው የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አሞራ የተሰየመ ትንሽ መቅደስ ነው። አጠገቡ ያለው አዳራሽ ሲመቱት ዜማ የሚሰጡ ዓምዶች አሉት፤ ብዙ እጅ ስለጎዳቸው አሁን መንካት ክልክል ነው። አስጎብኚ ነኝ የሚል ሰው በድብቅ መትቼ ላሰማችሁ ቢላችሁ እንቢ በሉት።

እኔ ግን ከሠረገላው ይልቅ ያልረሳሁት ቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስን ነው፤ ከተማይቱ ከጠፋች በኋላም አምልኮ ያልተቋረጠበት ነው። ከኋላው አንድ ጨለማ ክፍል አለ፤ በግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በመጀመሪያው ጉብኝቴ አንድ አዛውንት ጠባቂ እጄን ይዘው አስገቡኝና ነጭ ወረቀት ከግድግዳው ፊት ዘረጉ። ሃምሳ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የበሩ ግንብ ቁልቁል ተደፍቶ፣ ጫፉ መሬት መሠረቱ ሰማይ ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ ታየ። ፎቶግራፍ ማንሻ ከመፈልሰፉ በፊት የተሠራ የፎቶግራፍ ማንሻ ክፍል ማለት ነው። አዛውንቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ።

ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡት። ለውጭ አገር ሰው ትኬቱ 600 ሩፒ ሲሆን፣ ቪታላንና የነገሥታቱን የሴቶች ግቢ በዚያው ቀን በአንድ ትኬት ታዩበታላችሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉት።

ጥያቄ፦ ይህን የመሰለ ከተማ እንዴት ጠፋ? እስላሞች አፈረሱት ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ነገሩ በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር አያልቅም። ጥር 23 ቀን 1565 ታሊኮታ በሚባለው ጦርነት የደካን (የደቡብ ሕንድ አምባ) ሱልጣኖች ኅብረት፣ ማለትም ቢጃፑር፣ አህመድናጋር፣ ጎልኮንዳና ቢዳር፣ የቪጃያናጋራን ጦር ድል አደረጉ። አገሩን በተግባር ይገዛ የነበረው ራማ ራያ ተማርኮ አንገቱ ተቀላ፤ ከተማዋም ለወራት ተዘረፈች። ይሁን እንጂ ራማ ራያ ራሱ ለብዙ ዓመታት አንዱን ሱልጣን በሌላው ላይ እያስነሣ፣ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ጋር እየወገነ የኖረ ሰው ነበር። በቪጃያናጋራ ጦር ውስጥ ሙስሊም ወታደሮችና አዛዦች ነበሩ፤ ነገሥታቷም “በሂንዱ ነገሥታት መካከል ሱልጣን” የሚል ማዕረግ ይወስዱ ነበር። በሐምፒ ያለውን ሎተስ ማሃል የተባለ ሕንፃ ቅስቶችና የዝሆኖቹን ጋጥ ጉልላቶች የሚያይ ሰው ሁለቱ ወገኖች በሰላሙ ጊዜ ምን ያህል እንደተቀዳዱ ይገነዘባል። ሱልጣኖቹን አንድ ያደረጋቸው ሁሉም በየተራ መጠቃታቸው ነው፤ እምነት ሰንደቅ ሆኖ ማገልገሉ ግን አይካድም።

ጥያቄ፦ የሆይሳላ ቤተ መቅደሶች በ2023 በዩኔስኮ ተመዘገቡ። በቅርጻቸው ረቂቅነት የተነገረላቸውን ያህል ናቸው? ድንጋይ እንዴት እንደዚያ ይቀረጻል?

መልስ፦ ናቸው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ነው። የሆይሳላ ነገሥታት ግንበኞች የተጠቀሙት ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ የሆነ፣ ነፋስ ሲያገኘው ግን እየጠነከረ የሚሄድ አረንጓዴ ግራጫ ድንጋይ ነበር። በዚህ የተነሣ ጠራቢው እንደ እንጨት ወይም እንደ ዝሆን ጥርስ ይሠራበታል። ቤሉር የሚገኘው የቼናኬሻቫ ቤተ መቅደስ በ1117 በንጉሥ ቪሽኑቫርዳና ተጀመረ፤ ሐሌቢዱ ያለው ሆይሳሌሽዋራ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ተከተለ። ሦስተኛው ከላይ ያነሣሁት የሶማናታፑራው ነው። መሠረታቸው በኮከብ ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ ግድግዳው ደጋግሞ ይታጠፋል፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥርም ጥላው ይለዋወጣል።

ቤሉር ውስጥ ቀና ብላችሁ ከጣሪያው ሥር ያሉትን የሴቶች ምስሎች ተመልከቱ። አንዷ መስታወት ይዛ ራሷን ትመለከታለች፤ የእጅ አንባሯና የፀጉሯ ጉንጉን ሳይቀር ከድንጋዩ ተለይቶ ወጥቷል። ሐሌቢዱ ላይ ደግሞ ዝቅ ብላችሁ እዩ፤ ከታች የዝሆኖች ሰልፍ፣ ከላዩ አንበሶች፣ ከዚያም ፈረሰኞች፣ ወደ ላይ ሲደርስ የሂንዱዎቹ ጥንታዊ ተረኮች የራማያናና የማሃባራታ ታሪክ ሕንፃውን ዙሪያውን ከብቦታል። ክብደት የሚሸከመው ዝሆን ከታች መሆኑ ደስ ይላል። በዚያ ዘመን ባልተለመደ ሁኔታ ጠራቢዎቹ ስማቸውን በሥራቸው ሥር ቀርጸዋል፤ ማሊታማ የሚለው ስም ለምሳሌ በሶማናታፑራ ተደጋግሞ ይገኛል።

ሐሌቢዱ የሚለው ቃል “አሮጌው ከተማ” ማለት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደልሂ የመጡ ሠራዊቶች ከዘረፉት በኋላ መዲናነቱ ቀረ፤ ቤተ መቅደሱም ሳይፈጸም እንደቆመ አለ።

ጥያቄ፦ የማይሱሩ ቤተ መንግሥትስ? ሰው ሁሉ ፎቶውን ያሳየናል።

መልስ፦ ቀን ላይ ብዙም አልመክርም፤ ሰልፍ፣ ግፊያና የመኮንን ቤት የመሰለ ማስጌጫ ነው። የቀድሞው የእንጨት ቤተ መንግሥት በ1897 በሠርግ መካከል ስለተቃጠለ፣ ሄንሪ ኧርዊን የተባለው አርክቴክት ያሁኑን ነደፈው፤ በ1912 ተጠናቀቀ። ከመቶ ሺህ ትንሽ የሚያንሱ አምፖሎች አሉት፤ እሑድ ማታና በበዓላት ቀን ለአንድ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ይበራሉ። ያን ጊዜ ከውጭ ሆኖ ማየቱ ይበቃል። በመስከረምና በጥቅምት መካከል በሚውለው የዳሳራ በዓል ከደረሳችሁ ግን ሁሉን ትታችሁ ሂዱ፤ በአሥረኛው ቀን ቻሙንዴሽዋሪ የተባለችውን የሂንዱ ሴት አምላክ ምስል በ750 ኪሎ ግራም ወርቃማ ኮርቻ የተሸከመ ዝሆን በከተማው ያልፋል። ሆቴል ከወራት በፊት ያዙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቢጃፑርን ሐበሾች ገዝተውታል የሚባለው እውነት ነው ወይስ እኛ ነን የምናጋንነው?

መልስ፦ መሠረቱ እውነት ነው፤ ማጋነኑም አለ። የደካን ሱልጣኖች ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት የተወሰዱ ወጣቶችን እየገዙ ወታደር ያደርጓቸው ነበር። በሕንድ “ሐብሺ” ይባላሉ፤ ቃሉ ሐበሻ ከሚለው ጋር አንድ ነው። ወንዶቹ እንደ ጌታቸው ቤተሰብ ተቆጥረው የጦርና የአስተዳደር ትምህርት ይሰጣቸው ነበር፤ ጌታቸው ሲሞት ብዙዎቹ ነጻ ይወጣሉ፣ የራሳቸውንም ሠራዊት ያደራጃሉ። በዚህ መንገድ በቢጃፑር ዲላዋር ኻን የተባለው ሐብሺ በ1580ዎቹ ለሕፃኑ ሱልጣን ለኢብራሂም ዳግማዊ ሞግዚት ሆኖ አገሩን ገዛ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢኽላስ ኻን በሱልጣን ሙሐመድ አዲል ሻህ ዘመን ዋና ሚኒስትር ነበር፤ በወቅቱ በተሣሉ ሥዕሎች ላይ ጥቁር መልኩ፣ ባለ ወርቅ ልብሱና ከሱልጣኑ አጠገብ መቀመጡ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ ስሙ የገነነው ማሊክ አምባር ግን የካርናታካ ሰው አይደለም። በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በተደጋጋሚ ተሽጦ፣ በመጨረሻ የአህመድናጋርን መንግሥት የመራና እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የሰሜን ሕንድ ገዥዎች የነበሩትን ሞጎሎችን እረፍት የነሣ ነው፤ ከተማውና መቃብሩ ያሉት በጎረቤት ማሃራሽትራ ነው። በወጣትነቱ ለጥቂት ጊዜ በቢጃፑር ማገልገሉ ብቻ ከዚህ ያገናኘዋል። ሁለቱን ግዛቶች የሚያደባልቁ ጽሑፎች ስለበዙ ነው ይህን የማነሣው። ደግሞም ሐብሺ የተባለ ሁሉ ዛሬ ኢትዮጵያ ከምንለው አገር ብቻ የመጣ አይደለም፤ የመጡትም ሰልመው፣ ፋርስኛና ደካኒ ተናግረው፣ እዚያው አግብተው ቀሩ። ግእዝ የሚያነብ ሐብሺ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቪጃያፑራ ስትደርሱ ጎል ጉምባዝ የተባለውን የሙሐመድ አዲል ሻህን መቃብር ታያላችሁ፤ የኢኽላስ ኻን ጌታ ያረፈው እዚያ ነው። የጉልላቱ የውጭ ስፋት 44 ሜትር ሲሆን፣ ከውስጥ አንድም ዓምድ አይደግፈውም። በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥታችሁ ከጉልላቱ ሥር ባለው ክብ ሰገነት ስትቆሙ፣ በወዲያኛው ማዶ ያለ ሰው የሚያንሾካሹከው ጆሮአችሁ ሥር እንደተናገረ ይሰማል፤ አንድ ጭብጨባም ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ ይመለሳል። ችግሩ በአራት ሰዓት የተማሪ አውቶቡሶች ሲደርሱ ጩኸቱም ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። በማለዳ በር ሲከፈት ግቡ።

ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ሰው ቢዳር ላይ “ሐብሺ ኮት” የሚባል ኮረብታ ያገኛል፤ የሐብሺ መኳንንት መቃብሮች ያሉበት ነው። ጎብኚ አይበዛበትም፤ ፍየል ጠባቂዎች ነበሩ እኔ በሄድሁ ጊዜ።

ጥያቄ፦ ሲዲ የሚባሉት ጥቁር ሕንዶች የእነዚህ ልጆች ናቸው? መንደራቸውን መጎብኘት ይቻላል?

መልስ፦ በካርናታካ ያሉት ሲዲዎች በአብዛኛው በኡታራ ካናዳ አውራጃ ጫካዎች ውስጥ፣ በየላፑር፣ በሐሊያልና በአንኮላ አካባቢ ይኖራሉ። ብዙዎቹ አያቶቻቸው ፖርቱጋሎች በጎዋ በኩል ከምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ከሞዛምቢክ አቅጣጫ ያመጧቸው ስለሆኑ፣ ከቢጃፑሮቹ ጀኔራሎች ጋር የግድ አንድ ዘር አይደሉም። ሂንዱም፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም አሉባቸው፤ ኮንካኒና ካናዳ የተባሉትን የአካባቢውን ቋንቋዎች ይናገራሉ። በ2003 የሕንድ መንግሥት ልዩ ድጋፍ ከሚያገኙ ጎሣዎች መካከል አስገብቷቸዋል።

መጎብኘቱን በሚመለከት፣ ካሜራ ይዞ “ወንድሞቼን ላይ” ብሎ መንደር ውስጥ መግባትን አልወድም፤ ሰዎቹ ሕንዳውያን ናቸው፣ መታየትም ሰልችቷቸዋል። ሴቶቻቸው ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ የሚሰፉት ካቫንዲ የተባለ ደማቅ ብርድ ልብስ አለ፤ በማኅበራቸው በኩል እሱን መግዛት ከፎቶ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቡና ወደ ሕንድ የገባው ከካርናታካ ተራራ ነው ይባላል። ከእኛ ቡና ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

መልስ፦ በአፈ ታሪኩ መሠረት ባባ ቡዳን የተባለ ሙስሊም ሱፊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐጅ ሲመለስ ከየመን ሞካ ወደብ ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አመጣ፤ በቺክማጋሉሩ አጠገብ ባለው ተራራም ተከላቸው። ዐረቦቹ ንግዱን ለብቻቸው ለመያዝ የሚበቅል ፍሬ እንዳይወጣ ይከለክሉ ነበርና ነው መደበቁ። ተራራው ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ዋሻውን ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም እንደ ቅዱስ ስፍራ ስለሚያዩት ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ እዚያ ስትሄዱ አስተያየታችሁን ለራሳችሁ ያዙ። የየመኑ ቡና ከእኛ ጫካ የተሻገረ እስከሆነ ድረስ፣ ሰባቱ ፍሬዎችም የልጅ ልጆቻችን ናቸው ማለት ይቻላል።

ይበልጥ የሚጨበጥ ማስረጃ ግን አለ። በ1925 ባሌሆኑር ላይ የተቋቋመው የቡና ምርምር ጣቢያ ካሰራጫቸው የአረቢካ ዝርያዎች መካከል በቀጥታ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ይገኛሉ፤ ስማቸው “አጋሮ” እና “ተፈሪ ኬላ” ነው። የጅማን አጋሮና የሲዳማን ተፈሪ ኬላ የሚያውቅ ሰው በቺክማጋሉሩ ኮረብታ ላይ እነዚህን ስሞች ሲሰማ የሚሰማውን እናንተው ገምቱት።

ከሕንድ ቡና 70 በመቶ ያህሉ ከዚህች ግዛት ይወጣል፤ የሚበዛው ሮቡስታ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በየዛፉ ግንድ ላይ ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ይወጣል፤ ስለዚህ ባለመሬቱ ከአንድ ማሳ ሁለት ምርት ይሰበስባል። ለቀማው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የሚጠጡት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቺኮሪ የተባለ የሥር ዱቄት የተቀላቀለበት ወፍራም ቡና ወተትና ስኳር በዝቶበት በብረት ኩባያ ይቀርባል፣ ከኩባያ ወደ ሳህን ከፍ ተደርጎ እየተገለበጠ አረፋ ይሠራል። “ካፒ” ይሉታል። ሳምንት ያህል ተጠየፍሁት፤ ከዚያ በኋላ አልተውሁትም።

ጥያቄ፦ ሑዳዴ ጾም ላይ ነው የምሄደው። የአትክልት ምግብ የበዛበት አገር ስለሆነ አልቸገርም አይደል?

መልስ፦ ይጠንቀቁ፤ “ቬጅ” ማለት ጾም ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው እንጂ ቅቤ፣ እርጎና ወተት በየምግቡ ይገባሉ። ከሩዝና ከጥቁር ምስር ሊጥ አድሮ ቦክቶ የሚሠራው ዶሳ መልኩ ከእኛ እንጀራ ጋር ስለሚቀራረብ ደስ ይላችኋል፤ ነገር ግን ሳይጠይቁ ቅቤ ያፈሱበታል። በካናዳ ቋንቋ “ቱፓ ቤዳ” ይበሉ፤ የተነጠረ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። በእንፋሎት የሚበስለው ኢድሊ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ወደ ገጠር ከወጡ ደግሞ “ራጊ ሙዴ” ይጠይቁ። ራጊ የእኛው ዳጉሳ ነው፤ እህሉ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ የተሻገረ ሲሆን፣ ካርናታካ ዛሬ በሕንድ አንደኛ አምራች ናት። ሙዴው ወፍራም የዳጉሳ ገንፎ ነው፣ የብርቱካን መጠን ተድቦልቡሎ ይቀርባል። በጣት ቆንጥረው ወጡ ውስጥ ያጠልቁትና ሳያኝኩ ይውጡታል። የማይሱሩ አከራዬ እናት እኔ ሳኝክ ሲያዩ ይሥቁብኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ሽራቫናቤላጎላ ያለው ሐውልት ራቁቱን ነው አሉ። ከልጆች ጋር መሄድ ያሳፍራል?

መልስ፦ አያሳፍርም፤ ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ ነው የሚመጣው። ሐውልቱ የጄይን ሃይማኖት ቅዱስ የባሁባሊ ነው፤ በ981 ገደማ የጋንጋ መንግሥት ሚኒስትር ቻቩንዳራያ ያሠራው ሲሆን፣ ከአንድ አለት የተጠረበ፣ ከ17 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ነው። ባሁባሊ ወንድሙን በፍልሚያ ካሸነፈ በኋላ በድሉ አፍሮ መንግሥቱን ጥሎ መነነ ይባላል፤ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ስለቆመ ሐረግ በእግሩና በክንዱ ላይ ወጣ፣ በእግሩ ሥርም ኩይሳ በቀለ። ጠራቢው ሐረጉን ከነቅጠሉ አሳይቷል፤ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ግን ከታች ሲያዩትና ከጎን ሲያዩት አንድ አይደለም።

ከ600 በላይ ደረጃዎች በባዶ እግር ይወጣሉ። እኔ በሚያዝያ ቀትር ላይ ሞክሬ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ እየዘለልሁ ተመልሻለሁ፤ ካልሲ ስለሚፈቀድ ወፈር ያለውን ያዙ፣ በማለዳም ውጡ። በየ12 ዓመቱ ሐውልቱን በወተት፣ በሸንኮራ ጭማቂና በእርድ ቅመም የሚያጥቡበት በዓል አለ። ያለፈው በ2018 ነበር።

ጥያቄ፦ መቼ ብሄድ ይሻላል? ጆግ ፏፏቴንስ ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ለሐምፒና ለሰሜኑ ክፍል ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ከመጋቢት በኋላ አለቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ጆግ 253 ሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን ከበላዩ የሻራቫቲን ውኃ ለኤሌክትሪክ የሚያቁር ግድብ ስላለ በበጋ ከአራቱ ፏፏቴዎች የሚቀረው ቀጭን ክር ነው። ክረምታቸው እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ በነሐሴ ሂዱ፤ ጉሙ ከፈቀደ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ነብር?

መልስ፦ በ2022ቱ ቆጠራ ካርናታካ 563 ባለ መስመር ነብሮች (ታይገሮች) ተገምተውላት ከሕንድ ሁለተኛ ሆናለች። ባንዲፑር በ1973 ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ የነብር ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። አራት ጊዜ ገብቼ ነብር ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ጅራቱን። ዝሆን ግን ሁልጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ለቤተሰብ ስጦታ ምን ይዤ ልምጣ? ቀላል ሆኖ እውነተኛ የአገሩ ሥራ ቢሆን እወዳለሁ።

መልስ፦ ለልጆች በቤንጋሉሩና በማይሱሩ መንገድ ላይ ቻናፓትና የሚሠሩትን ቀለም የተቀቡ የእንጨት መጫወቻዎች፣ ለእናት ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት ፋብሪካ ሲመረት የኖረውን የማይሶር የሰንደል ሳሙና ይግዙ። የማይሶር ሐር ውድ ነው፤ ከመንግሥት ሱቅ ካልሆነ አልመክርም።

ለራስዎ ግን ቢድሪ ይፈልጉ። በቢዳር ከተማ ከዚንክና ከጥቂት መዳብ የሚቀልጥ ዕቃ ነው፤ ጠራቢው በላዩ ላይ ሐረግ ይቀርጽና በጎድጓዳው ውስጥ የብር ክር በመዶሻ ይቀብርበታል። በመጨረሻ ዕቃውን የሚያጠቁሩት ከአሮጌው ምሽግ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ካልነካው ቦታ ቆፍረው ባመጡት አፈር ነው፤ አፈሩ በውኃና በአሞኒየም ጨው ይፈላል፣ ዕቃው ሲነከርበት ብረቱ ከሰል ይሆናል፣ ብሩ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የትኛው አፈር እንደሚሆን የሚያውቁት በምላሳቸው ቀምሰው ነው። እኔ በገባሁበት ቤት ባለሙያው ቆንጠር አድርገው ሰጡኝ። ጨው ጨው አለኝ። እሳቸውም ቀመሱና ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓሮ ጣሉት፤ ይህ የተሳሳተው ነው አሉ።